ሁለቱም «28» ናቸው

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግቢያችን ውስጥ ጥይት የተተኮሰ የሚመስል ድምፅ ተሰማ። ቡና ትቆላ የነበረችው ባለቤቴ ብረት ምጣዱን እንደያዘች ወደ ውጭ ሮጠች። ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ «ሰላም ነው? ሰው ተጎዳ እንዴ?» አለ። እኔና የ14 ዓመቱ ልጄ መልስ ለመስጠት እንኳ አልቻልንም። ጆሯችን እየጮኸ መሬት ላይ ቁጭ ብለን፣ ከቸርኬው ተፈናጥሮ የወጣውን የብስክሌት ጎማና የተተረተረውን ከመነዳሪ እናያለን።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አልተጎዳም። ግን ልጄ ከአንድ ደቂቃ በፊት ጎማው በደንብ መቀመጡን ለማየት ፊቱን ወደ ቸርኬው አስጠግቶ ነበር። ይህን ሳስብ አሁንም ሰውነቴን ይወረኛል። ሌላም አስባለሁ። ጎማው እዚያው ግቢ ውስጥ ባይፈነዳ ኖሮ፣ በማግስቱ እሑድ ልጄ በዚያ ብስክሌት ከስድስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ ቁልቁል ሊወርድ ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ የዛሬው ጨዋታችን ስለ ጎማ ቁጥር ነው። «የቤተሰብ ገጽ ላይ ጎማ ምን ይሠራል?» እንዳትሉኝ። በብዙዎቻችሁ ዕቃ ቤት ጥግ፣ ወይም ደረጃ ሥር፣ የአባት ወይም የአያት ብስክሌት ቆሟል። አንድ ቀን አንድ ልጅ አቧራውን ጠርጎ «ይሄን ለምን አናሠራውም?» ማለቱ አይቀርም። ያን ጊዜ እኔ የተሳሳትኩትን እንዳትደግሙት ብዬ ነው።

ብስክሌቱ የአባቴ ነው። ቤተሰቡ ሁሉ «አባባ» ነው የሚላቸው። ድሬዳዋ በምድር ባቡር ጋራዥ፣ በቶርኖ ክፍል፣ ጡረታ እስኪወጡ የሠሩ ሰው ናቸው። ብስክሌቷን በ1959 ዓ.ም. ወደ አገሩ ይመለስ ከነበረ አንድ ጣሊያናዊ ገዟት፤ ጥቁር፣ ከባድ፣ ፍሬኗ በሽቦ ሳይሆን በብረት ዘንግ የሚሳብ ቢያንኪ ናት። በእሷ ደቻቱን እየተሻገሩ ከመጋላ ከዚራ ተመላልሰዋል። እኔን ፊት ለፊት ብረቷ ላይ አስቀምጠው ትምህርት ቤት አድርሰዋል። እኔም ብስክሌት የለመድኩት በእሷ ነው፤ ቁመቴ ለኮርቻው ስለማይደርስ እግሬን በብረቱ ሥር አሾልኬ፣ ግማሽ ፔዳል እየመታሁ፣ የደቻቱን አሸዋ በየቀኑ እየቀመስኩ።

አባባ ወደ አዲስ አበባ ወደ እኛ ሲመጡ ብስክሌቷም አብራ መጣች። ዓመታት ዕቃ ቤት ቆማ ከረመች። ጎማዎቿ ደርቀው፣ ሲነኳቸው እንደ ድርቆሽ ይፈረፈሩ ነበር። የአባባም ዓይን እየደከመ ሄደ፤ በረንዳ ላይ ከዘራቸውን ይዘው ፀሐይ መሞቅ የዕለት ሥራቸው ሆነ።

ዘንድሮ ልጄ «አባባ ሳይሰሙ ብስክሌቷን ሠርተን እናስደንቃቸው» አለኝ። ሐሳቡ ደስ አለኝ። ልጁ ስልኩን አስቀምጦ ዝገት ሲፈገፍግ ማየት በራሱ አንድ ነገር ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከትምህርት መልስ ዕቃ ቤት ገብቶ በናፍጣና በጨርቅ ቸርኬውን አጸዳ፣ ካቴናውን ዘፈዘፈ። የቀረን ጎማ ብቻ ነበር።

ከአሮጌው ጎማ ጎን ላይ ሊነበብ የቻለው «28» የሚለው ብቻ ነው፤ የቀረው ጽሑፍ ተፍቋል። መርካቶ ገብቼ «28 ጎማ አላችሁ?» አልኩ። «ሞልቷል!» አለኝ ባለሱቁ። ያወጣልኝ ለነዚያ ትልልቅ ጥቁር የሕንድና የቻይና ብስክሌቶች የሚሆነውን ጎማ ነው። ጎኑ ላይ በትልቁ «28 × 1 1/2» ተጽፏል፤ ከሥሩ በትንሹ ደግሞ «40-635»። ትልቁን አነበብኩ፣ ትንሹን ተውኩት። ባለሱቁ የጠየቅኩትን ነው የሰጠኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ቤት ስናስገባው ያለ ካቻቢቴ፣ ያለ ምንም ትግል፣ እንደ ቀለበት ሾልኮ ገባ። «እንዴት ልክ ሆነ!» ብለን ተደሰትን። እዚህ ላይ ነበር መደንገጥ የነበረብን። ልኩ የሆነ የብስክሌት ጎማ የመጨረሻዋን አንድ ስንዝር ታግሎ ነው የሚገባው። ዝም ብሎ የገባ ጎማ ዝም ብሎ ይወጣል። መንፋት ጀመርን፤ አንዱ ጎን ትንሽ አበጠ፣ ልጄ ሊያይ ጠጋ አለ፣ ቀና አለ፣ እኔ ሁለት ጊዜ ጨምሬ ነፋሁ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ነግሬያችኋለሁ።

ከፍንዳታው በኋላ የሠራሁት ደግሞ ከመጀመሪያው የባሰ ነው። ሜትር አምጥቼ ቸርኬውን ከዳር እስከ ዳር ለካሁ። 63 ከግማሽ ሳንቲ ሜትር ገደማ። ጎማው ላይ የተጻፈውን ትንሽ ቁጥር አሁን አየሁት፤ 635። «ይኸው! ልክ ነው። ብልሽቱ የከመነዳሪው ነው» አልኩ። ሌላ ከመነዳሪ ገዝቼ እንደገና ልነፋው ጃኬቴን አነሳሁ።

በዚህ መሐል አባባ በከዘራቸው እየተደገፉ ከበረንዳው ወርደው አጠገባችን ቆመዋል። ጆሯቸው ደህና ነው፤ የፈነዳው ምን እንደሆነ ሳንነግራቸው ለይተውታል።

«ከየት እስከ የት ለካኸው?» አሉኝ።

«ከዳር እስከ ዳር ነው፣ አባባ።»

«ጎማው ዳሩ ላይ ነው የሚቀመጠው?»

ዝም አልኩ። በርጩማ አምጥተንላቸው ተቀመጡ። ቸርኬውን ጭናቸው ላይ አጋድመው አውራ ጣታቸውን ወደ ውስጥ አስገቡና በዝግታ ዙሪያውን ሄዱበት። ዓይናቸው ባያይም ጣታቸው አገኘው። «ና፣ ጣትህን አምጣ» አሉት ልጁን። ከቸርኬው ከንፈር ዝቅ ብሎ በሁለቱም ወገን ትንሽ ደረጃ አለ። በጎማው ጠርዝ ውስጥ የማይለጠጥ ሽቦ አለ፤ ያ ሽቦ የሚያርፈው እዚያ ደረጃ ላይ ነው። ከንፈሩ ከደረጃው በላይ በየወገኑ ስድስት ሚሊ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። እኔ የለካሁት ከንፈሩን ነው። ጎማው የሚያውቀው ግን ደረጃውን ነው።

«ሲባጎ አምጣ። የማይለጠጥ ይሁን።»

ልጄ ሲባጎውን በደረጃው ላይ ዙሪያውን አስኬደ፣ የተገናኘበትን በእስክሪብቶ ምልክት አደረገ፣ መሬት ላይ ዘርግቶ ለካው። 195 ሳንቲ ሜትር ከ4 ሚሊ ሜትር። አባባ «ድገመው» አሉት። ደገመው። ያው ነው። «አሁን ለ3.14 አካፍል።» የስምንተኛ ክፍል ልጅ ነውና ይህን ያውቃል፤ የክብ ዙሪያ ለ3.14 ሲካፈል ዲያሜትሩ ይገኛል። 622 ሚሊ ሜትር ወጣ። የገዛሁት ጎማ 635 ነው። የ13 ሚሊ ሜትር ልዩነት ማለት በዙሪያው 4 ሳንቲ ሜትር ነው። ያን ያህል የሰፋ ጎማ ነበር ልጄን ላስቀምጥበት የተዘጋጀሁት።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የጎማን ስም ግን መልአክ አላወጣውም፤ አምራችና ነጋዴ ናቸው ያወጡት። ነገሩ የተደበላለቀው እንዲህ ነው።

በአየር የሚነፋ ጎማን ሥራ ላይ ያዋለው በቤልፋስት ከተማ ይኖር የነበረው ስኮትላንዳዊው የእንስሳት ሐኪም ጆን ቦይድ ደንሎፕ ነው። የልጁ ባለሦስት እግር ብስክሌት በድንጋይ ንጣፍ ላይ ሲነዳ ያንገጫግጨው ስለነበር፣ ለልጁ ብሎ በአየር የተሞላ ጎማ ሠራለት፤ እ.ኤ.አ. በ1888 የፈጠራ ባለቤትነት ምዝገባ አገኘ። ከእሱ አርባ ዓመት ቀደም ብሎ ሮበርት ቶምሰን የተባለ ሌላ ስኮትላንዳዊ ይህንኑ ሐሳብ አስመዝግቦ ስለነበር የደንሎፕ ምዝገባ ኋላ ተሰርዟል። ጎማው ግን ዓለምን አዳረሰ። መነሻው አንድ አባት ለልጁ የሠራው ሥራ መሆኑን ሳነብ በራሴ ቅዳሜ አፈርኩ።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ አገር የራሱን ልክ አወጣ። እንግሊዞች በኢንች ሰየሙ። ኢንቹ የሚያመለክተው ቸርኬውን ሳይሆን የተነፋውን ጎማ የውጭ ስፋት ነው፤ 28 ኢንች ወደ 71 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ፈረንሳዮች ደግሞ «700» ብለው በሚሊ ሜትር ከሰየሙ በኋላ ኤ፣ ቢ፣ ሲ የሚል ፊደል ጨመሩበት። ፊደሉ የጎማውን ውፍረት ይነግራል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ የውጭው ስፋት ያው ይሁን ከተባለ፣ ጎማው በወፈረ ቁጥር ቸርኬው ማነስ አለበት። ስለዚህ የ700ኤ ቸርኬ 642፣ የ700ቢ 635፣ የ700ሲ 622 ሚሊ ሜትር ሆነ። ሦስቱም ጎማቸውን ለብሰው ቢቆሙ ቁመታቸው ተቀራራቢ ነው፤ ነጋዴው ሦስቱንም «28» ቢላቸው አልዋሸም። አንዱን አውልቆ ለሌላው ማልበስ ግን አይቻልም።

እንግዲህ በብዛት የሚሸጠው የሕንድና የቻይና ትልቅ ብስክሌት ጎማ፣ ማለትም «28 × 1 1/2»፣ 635 ነው። የአባባ ጣሊያናዊት ግን «28 × 1 5/8 × 1 3/8» የሚባለው ዓይነት ናት፤ 622።

አሁን የምነግራችሁ ነገር ይገርማችኋል። «622 ከየት ይገኛል? ከስልሳ ዓመት በፊት የቀረ ልክ ነው» ብዬ ስብሰለሰል፣ ልጄ ተነስቶ በአጥሩ በላይ ከጎረቤታችን ጋር ያወራል። ጎረቤታችን ጠዋት ጠዋት ለጤናው የሚነዳት አዲስ ብስክሌት አለችው። ልጄ ጎማዋን ጎንበስ ብሎ አነበበና «አባዬ! 622 ነው!» ብሎ ጮኸ። እውነትም «700 × 35»፣ ከሥሩ ደግሞ «35-622» ይላል። የዛሬዎቹ የከተማና የውድድር ብስክሌቶች አብዛኞቹ የሚጠቀሙት ያንኑ የድሮ 700ሲ ልክ ነው። በየሱቁ «29» ተብሎ የሚሸጠው የተራራ ብስክሌት ጎማ እንኳ ማረፊያው 622 ነው፤ ውፍረቱ ግን ለአሮጌ ብስክሌት ሹካ አይበቃም። የጠፋ የመሰለን ጎማ አልጠፋም ነበር፤ ስሙን ቀይሮ በአጥር ማዶ ይኖር ነበር።

ሰኞ ዕለት ስፖርት ብስክሌት ከሚሸጥ ሱቅ ሁለት «37-622» ጎማ ገዛን። ሲገባ አታገለን፤ የመጨረሻዋ ስንዝር አላበችን። አባባ «እንዲህ ነው» አሉ።

አሁን ወደ እናንተ ብስክሌት እንምጣ።

መጀመሪያ ትንሹን ቁጥር ፈልጉ። በሰረዝ የተያያዙ ሁለት ቁጥሮች ናቸው፤ የመጀመሪያው የጎማው ወርድ፣ ሁለተኛው የቸርኬው ማረፊያ ዲያሜትር ነው፤ ሁለቱም በሚሊ ሜትር። አይ.ኤስ.ኦ 5775 የሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ የሚጠቀመው ይህን አጻጻፍ ነው። ሁለተኛው ቁጥር ፈጽሞ አንድ መሆን አለበት፤ «ለጥቂት ነው፣ ይለጠጣል» የሚባል ነገር የለም። የመጀመሪያው ላይ ግን መጠነኛ ነፃነት አለ። የእናንተ 37 ከነበረ 35 ወይም 40 ሊሆን ይችላል፤ ጎማው ሲነፋ ሹካውንና ጭቃ መከላከያውን እንደማይነካ ብቻ አረጋግጡ።

ቁጥሩ ከተፋቀ እንደ አባባ በሲባጎ ለኩ። ለማመሳከር እንዲመቻችሁ የተለመዱትን ልጻፍላችሁ። ዙሪያው 199 ከግማሽ ሳንቲ ሜትር ከሆነ 635 ነው። 198 ሲሆን 630፣ ማለትም «27 × 1 1/4» የሚባለው የድሮ የውድድር ብስክሌት ልክ ነው። 195 ከግማሽ አካባቢ 622፣ 183 ከግማሽ 584፣ 185 ከግማሽ ደግሞ 590 ነው። 590 የድሮዎቹ የሴት ብስክሌቶች ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙት «26 × 1 3/8» ነው። 175 ከግማሽ ገደማ ከሆነ 559፣ የተለመደው የተራራ ብስክሌት «26» ነው። አያችሁ? «26»ም እንደ «28» ስም ብቻ ነው። የተራራ ብስክሌት ጎማ ለእናትዎ ብስክሌት አይገባም፤ የእናትዎ ብስክሌት ጎማ ደግሞ በተራራ ብስክሌቱ ላይ ይዋልላል። የልጆቹ «20»ም ሁለት ዓይነት አለው፤ 406 እና 451።

አንድ ወጥመድ ልጨምርላችሁ። 1 3/4 እና 1.75 በሒሳብ እኩል ናቸው፤ በጎማ ግን አይደሉም። «26 × 1 3/4» ማረፊያው 571 ሲሆን «26 × 1.75» ደግሞ 559 ነው። በክፍልፋይ የተጻፈንና በነጥብ የተጻፈን አንድ ነው ብላችሁ አትግዙ።

ጎማው ከተገኘ በኋላም ቸርኬውን እዩት። የድሮ ቸርኬ ብረት ነው፤ ዝገት ማረፊያውን በልቶት ከሆነ ወይም ከንፈሩ ተሰንጥቆ ከሆነ ለልጅ አይሆንም። ከውስጥ የሽቦዎቹ ጫፍ ከመነዳሪውን እንዳይወጋው የሚሸፍን የጨርቅ ወይም የጎማ ጥብጣብ አድርጉለት። የመንፊያውንም ቀዳዳ ለኩ። እንደ መኪና ያለው ወፍራም አፍ 8 ሚሊ ሜትር ከግማሽ ያህል ቀዳዳ ይፈልጋል፤ ቀጭኑ አፍ 6 ከግማሽ ይበቃዋል። ቀዳዳው ካነሰ ቸርኬውን ከመቦርቦር በፊት ቀጭን አፍ ያለው ከመነዳሪ ፈልጉ። የአሮጌ ቸርኬ ከንፈር ብዙ ጊዜ ቀጥ ያለ ነው፤ እንደ አዲሶቹ ጎማውን የሚቆልፍ ጠምዛዛ የለውም። ስለዚህ ጎማው ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ግፊት ዝቅ አድርጋችሁ ንፉ። በየመሐሉ ቆም ብላችሁ ጎማው በዙሪያው እኩል መቀመጡን ተመልከቱ፤ አንድ ቦታ ካበጠ ወዲያው አስተንፍሱ። ፊታችሁን ደግሞ አርቁ።

እውነትም ከገበያ የራቀ ልክ ቢያጋጥማችሁስ? 642፣ 597 እና 571 እንደዚህ ያሉ ናቸው። መጀመሪያ በስሙ ሳይሆን በሁለተኛው ቁጥር ፈልጉ፤ አንዱ ጎማ ብዙ ስም አለውና። ውጭ አገር ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ትክክለኛውን ቁጥር ጽፋችሁ ላኩለት። «ለአባቴ ብስክሌት ጎማ ላክልኝ» ብቻ ካላችሁት እንደ እኔ ትቀበላላችሁ። 635 ለምሳሌ በኔዘርላንድ ዛሬም በየዕለቱ የሚነዳ ልክ ነው። ሽቦ ያለው ጎማ ሳይሰበር በሦስት ቀለበት ተጠቅልሎ ሻንጣ ውስጥ ይገባል፤ ሽቦውን ግን ማጠፍ አይገባም፣ አንዴ ከተሰበረ አይድንም።

ያም ካልሆነ ቸርኬውን መለወጥ ይቻላል፤ የመሐሉን ሞዞ አስቀርቶ ዙሪያውን በሌላ ቸርኬና በአዲስ ሽቦ ማሠራት ማለት ነው። ይህን ስታስቡ ሁለት ነገር ቁጠሩ። አንደኛው የሽቦ ቀዳዳ ነው። ብዙ ብስክሌት በሁለቱም እግር 36 ሲኖረው፣ የድሮ እንግሊዝ ሠራሾቹ ፊት 32 ኋላ 40 ነበራቸው፤ የ40 ሞዞ ከ36 ቸርኬ ጋር አይጋባም። ሁለተኛው ፍሬኑ ነው። ከ635 ወደ 622 ስትወርዱ የቸርኬው ጠርዝ ከፍሬኑ ስድስት ሚሊ ሜትር ከግማሽ ይርቃል። በሽቦ የሚሳብ ፍሬን ጎማው ዝቅ ብሎ ሊስተካከል ይችላል፤ በዘንግ የሚሳበው ግን ብዙ ጊዜ እሺ አይልም። ፍሬኑ ካልደረሰ የጎማው መገኘት ምን ይጠቅማል? አሮጌውን ቸርኬ ደግሞ ለቆራሌው እንዳትሰጡ። ሰቅላችሁ አስቀምጡት፤ ጎማው አንድ ቀን ይገኝ ይሆናል።

የድሮ የውድድር ብስክሌት ካላችሁ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። አንዳንዶቹ ቱቡላር የሚባለውን ጎማ ነው የሚለብሱት። ይህ ከመነዳሪው ውስጡ የተሰፋበት፣ ቸርኬው ላይ በማስቲሽ የሚጣበቅ ጎማ ነው። ቸርኬው ጎድጎድ ያለና ከንፈር የሌለው ከሆነ ያ ነው፤ ተራ ጎማ ጨርሶ አይዝም። አገራችን በ1949 ዓ.ም. በሜልበርን ኦሎምፒክ ብስክሌተኞች አሰልፋለች። ከዚያ ዘመን የተረፈ የውድድር ብስክሌት በቤታችሁ ካለ ቸርኬውን በደንብ ሳታዩ ጎማ አትግዙለት።

የማይደረገውንም ልንገራችሁ፣ ሲደረግ አይቻለሁና። የሰፋን ጎማ ውስጡን ጨርቅ ወይም ሌላ ጎማ ደርቦ ማጥበቅ፤ የጠበበን በካቻቢቴ ፈልቅቆ ማስገባት፤ ሽቦውን ቆርጦ ማሳጠር። በጭነት ጋሪ ላይ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ልጅ በሚቀመጥበት ላይ ግን አይሞከርም።

ቢያንኪዋ ባለፈው ረቡዕ ከግቢ ወጣች። አባባ ሁለት ሕግ አወጡ። አንደኛ፣ ዝናብ ሲዘንብ አትነዳም፤ የብረት ቸርኬ ሲረጥብ ፍሬን መያዙን ይተዋልና። ሁለተኛ፣ ልጁ ቁልቁለት ከመውረዱ በፊት ሜዳ ላይ አንድ ወር ይነዳል። እኔ ሳልጠየቅ ሁለቱም ጸድቀዋል።

ልጄ መንገዱ ጫፍ ደርሶ ሲመለስ አባባ በር ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። ማየት ባይችሉም የካቴናውን ድምፅ ያውቁታል። «የኋላው ትንሽ ላላ ብሏል፣ ነገ እናጠብቀዋለን» አሉት። «እናጠብቀዋለን» ነው ያሉት። ላለፉት ሦስት ዓመታት ከአባቴ አፍ «ነገ እንዲህ እናደርጋለን» የሚል ቃል ሰምቼ አላውቅም።

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፣ መርካቶን ሙሉ ስጠይቅ ዕድሜያቸውን በሚሊ ሜትር ሲለኩ የኖሩትን ሰው በረንዳ ላይ አስቀምጬ ነበር። ላስደንቃቸው ብዬ ነው የደበቅኳቸው። ይበልጥ ደስ ያላቸው ግን ስለተጠየቁ ነው። እናንተም የአያትን ብስክሌት ከዕቃ ቤት ከማውጣታችሁ በፊት፣ አያትየው በሕይወት ካሉ፣ መጀመሪያ እሳቸውን ጠይቁ። ከዚያ ሲባጎ አምጡ።

ቸር እንሰንብት።